ጥርስ የሳተው ካቴና

አረጋ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ብሎን ሲፈታና ሲያስር ኖሮ ላሊበላ ሲመለስ፣ ባካባቢው ሞተር ከፍቶ የሚዘጋ ሌላ ሰው አልነበረም። የላስታ ሰው «መካኒኩ» ካለ እሱን ማለቱ ነው። ይህ ደግሞ ልቡን ትንሽ ሳያሳብጠው አልቀረም። ደርግ ከገባ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫም በዕድል የሚገኝበት ጊዜ ነው። ሆኖም አረጋ ዛሬም ያን ዘመን ሲያነሳ ፊቱ ይፈካል።

በሚያዝያ ወይዘሮ ኸዲጃ ከኩልመስክ አሮጌ ፒካፓቸውን ይዘው መጡ። ባላቸው ሲሞቱ የተረፈቻቸው ንብረት እሷው ነበረች፤ ወንድማቸው አሊ እየነዳላቸው ጨውና እህል ያመላልሱባታል። ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍተውና የሚያዘጋው የሞተሩ ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ አርጅቶ ይንኳኳ ነበርና አረጋ ከሌላ ሞተር ያወጣውን ገጠመላቸው። የበልግ ዝናብ ከአሸተን ተራራ በኩል ሲያጉረመርም ጊዜ ተጣድፎ ዘጋው።

ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዋ ዳገት ላይ መለገም ጀመረች።

«ከፍታው ነው፤ ቤንዚኑም የተበረዘ ነው» አላቸው አረጋ።

«ልጄ፣ ይህን ዳገት ሃያ ዓመት ወጥታዋለች» አሉ ኸዲጃ። ከዚያ አሊን «ንዳ» ብለው ተሳፍረው ሄዱ።

በሰኔ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ መኪናዋ ላሊበላ ገበያ መግቢያው ላይ ቀጥ አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ምስጋኑ ወዲያው ደረሰ። «ቆሞ የሚውል ንብረት ለሕዝብ ይጠቅም። እስከ ሰኞ ማታ ካልተነሳች የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይረከባታል» ብሎ ለኸዲጃ ወረቀት ሰጣቸው።

አረጋ ተጠርቶ መጣና የሞተሩን ክዳን፣ ኮፋኖውን፣ ከፈተ። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አውልቆ ጠረገ፤ ብልጭታውን የሚያቋርጠውን ፑንቲና በአሸዋ ወረቀት አሸት አድርጎ ክፍተቱን ለካ። ብልጭታው ጥሩ ነው። የብልጭታውን ሰዓት ሊያስተካክል ዲስትሪቢዩተሩን ወዲህም ወዲያም ቢያዞር ግን ሞተሩ ሊነሳ ይልና ቤንዚንና አየር በሚያቀላቅለው ካርቡሬተር በኩል «ጧ!» ብሎ ይተፋል። ገበያተኛው ሳቀ። አረጋ አፍሮ ወደ ቤቱ ገባ።

እሁድ ቤተ ማርያም ቆሞ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ልቡ ከሞተሩ አልተለየም። እሳቱ በሰዓቱ እየመጣ ለምን ወደ ኋላ ይተፋል? ያን ጊዜ ካቴናውን ሲገጥም የነበረው የሚያዝያ ዝናብና ጥድፊያ ትዝ አለው።

ሰኞ ማለዳ ኸዲጃን ከመኪናዋ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። የመጀመሪያውን ካንዴላ አውልቆ ቀዳዳውን ባውራ ጣቱ ደፈነና አሊ ሞተሩን በእጅ ማዞሪያው ብረት፣ በማኖቬላ፣ ቀስ ብሎ እንዲያዞር ነገረው። ጣቱን የሚገፋው አየር ሰነፍ ነው። የቫልቮቹን ክዳን ሲያነሳ ፒስተኑ ሊጨምቅ እየወጣ አየር ማስገቢያው ቫልቭ ገና አልተዘጋም። የፊቱን ሽፋን ፈታ። ካቴናው በሚዞርባቸው ጥርሳም መዘውሮች ላይ ያሉት፣ መገናኘት የነበረባቸው ሁለት ምልክቶች ተላልፈዋል፤ ካቴናው ሁለት ጥርስ ስቷል። አንዱን ረግቦ ራሱ ዘሎት ይሆናል። አንዱ ግን መኪናዋ መለገም ከጀመረችበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሳተ ነበር።

«ካቴናው ረግቦ ዘለለ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። የሚያውቅበት አንድም ሰው የለም። እጁን ጠራረገና ፊታቸው ቆመ።

«እትዬ ኸዲጃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስገጥመው ስቼዋለሁ። ያኔ የብልጭታውን ሰዓት አስተካክዬ ስህተቴን ሳላውቀው ሸፈንኩት እንጂ ቫልቮቹ እስከ ዛሬ ዘግይተው ነው የሚሠሩት።»

«አውቄው ነበር» አሉ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ብነግርህ ትቆጣ ነበር። አንተ ከተቆጣህ ማን ይሠራልኛል?»

አሊ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ አረጋም ሳይወድ ሳቀ።

ምልክቶቹን አገጣጠመ፤ የካቴናውን ማጥበቂያ ቀጭን ቆርቆሮ አስደግፎ ወጠረ፤ ብልጭታውንም እንደገና አስተካከለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሊ ማኖቬላውን አንዴ ቢያዞር ሞተሩ ተነሳ፤ ሳይተፋ፣ ሳይንገጫገጭ። ጓድ ምስጋኑ ሊረከብ ሲመጣ እየሠራ አገኘው። ቆሞ ጥቂት አዳመጠና «ኩልመስክ ድረስ ቦታ ይኖራል?» አለ። ጉዳይ ነበረው መሰል።

በአካባቢው የተነሳው ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ መኪናዋ ብዙ ዓመት ሠራች። ኸዲጃ በላሊበላ ባለፉ ቁጥር ያወርዱለት ከነበረው ጨው ይልቅ ጨዋታቸው ነው አረጋን የሚናፍቀው። እሱ እየሠራ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያጫውቱት ሰዓቱ መሄዱ አይታወቀውም ነበር። ኋላ ወልድያ ገቡ ሲባል ሰማ። አንድ ቀን ሄዶ ሊጠይቃቸው አስቦ ነበር፤ መንገዱ እስኪከፈት ግን እሳቸው በሕይወት አልቆዩም።