በካርድ አሥራ አንድ ዓመቷ

ሰው «ሩኅሩኅ ናት፤ ለማንም እናት ሳትሰለች ታስተረጉማለች» እያለ ያወራልኛል። ተሳስቷል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ ማስተርጎም የጀመርኩት አንድ ሰው ላይ ቂም ይዤ ነው። ቂሜም በዓመታት ሲበርድልኝ አላየሁም።

ሰውየው ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ መዝጋቢ ነበር። ልጄ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቷ ነው። ክረምት ስለነበር ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ስንመጣ መኪናው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ሁለቴ ተቀርቅሮብን ረፋድ ላይ ደረስን። ትኩሳቷ ቀሚሴን አልፎ ያቃጥለኛል፤ አንገቷ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ዊላያው፣ እኛ ክልል የምንለው ማለት ነው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ በነጻ ያሳክማል። ስለዚህ ያለ ስጋት የስደተኛ ካርዷን በመስኮቱ አቀበልኩት።

«አሥራ አንድ ዓመቷ ነው» አለ በአረብኛ። «ነጻ ሕክምና አይመለከታትም።»

«ኡስታዝ፣ እስቲ ይዩዋት። ይህች ልጅ አሥራ አንድ ትመስላለች?»

«ዋረቃው የሚለው አሥራ አንድ ነው። ካምፕ ሂጂና አስተካክለሽ ቡክራ ነይ።» ነገ ማለቱ ነው።

ልጄን ከፍ አድርጌ መስኮቱ ድረስ አስጠጋኋት። ቀና ብሎ አላያትም። ለመንኩት፤ ከኋላዬ ያለችውን ሴት ጠራ። የምከፍለው ስላልነበረኝ ይዣት ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎረቤቶቼ መኪና ለምነው ትልቁ ሆስፒታል አደረሱኝ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሐኪም ልጄን ከእጄ ነጥቃ ስትሮጥ አስታውሳለሁ፤ ካርድ አልጠየቀችኝም። በሽታው ማጅራት ገትር ነበር። ሐኪሟ የልጄን ነፍስ አተረፈችልኝ፤ ለጆሮዋ ግን አልደረሰችም። ዛሬ ልጄ ትልቅ ሆናለች፤ ከኋላዋ ቆሜ ስሟን ብጠራ አትዞርም።

አሁን የካርዱን ነገር ልናገር። ካርዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ድንበር ተሻግረን ስንመዘገብ «አስተርጓሚ ይጠራልሽ?» ሲሉኝ «አያስፈልገኝም» አልኩ። አባቴ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ ሱቅ ስለነበረው አረብኛ በልጅነቴ ነው የለመድኩት፤ ጉራም ነበረብኝ። ልጅሽ መቼ ተወለደች ሲሉኝ ሐምሌን አስቀድሜ ዓመቱን በእኛው አቆጣጠር፣ ጥርት ባለ አረብኛ ነገርኳቸው። የፈረንጁ ዓመት በሐምሌ ከእኛ ስምንት ይቀድማል። ደህና አስተርጓሚ ቢኖር ቀይሮ ይነግርልኝ ነበር። ልጄ በእኔ አንድ ንግግር ስምንት ዓመት አደገች። ይህን ለብዙ ጊዜ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰውየውን መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ያቺ ሐኪም ሱዳናዊት ናት፤ ዱክቱራ ነው የምንላት። በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ በቁጣም አታንሰኝም። ልጄ ተኝታ ሳለች አረብኛዬን ሰምታ ሌሎቹን እናቶች እንዳስተረጉምላት ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው የልጄ ጉዳይ የልጄ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት። ጡት ያልጣለ ሕፃን በካርዱ የዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ለመጣችው እናት ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነበር። የተወለደበት ዓመት በእኛ ነው በእነሱ?

«ኧረ እኔ እንጃ እቴ» አለችኝ አንዷ የሑመራ ሴት። «በነሱ ስንት እንደሆነ ማን ነግሮኝ?»

ዱክቱራ እያንዳንዱን ልጅ መዘገበች። ከሁለት የሕፃናት ሐኪም ጓደኞቿ ጋር ሆና የዊላያው የጤና ደንብ እንዲሻሻል ረቂቅ ጻፈች። የልጅን ዕድሜ የሚወስነው ካርድ ሳይሆን ጥርሱንና ሰውነቱን ያየ ሐኪም ይሁን፤ ማንም ልጅ ሐኪም ሳያየው ከመስኮት አይመለስ። ረቂቁ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለት ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ኋላ ጦርነቱ መጣና ከካርቱም የሸሹ እናቶች ወረቀት የሚባል ሳይኖራቸው ገዳሪፍ ሞሉ። የእነሱም ልጆች ከመስኮት መመለስ ሲጀምሩ ባለሥልጣናቱ ስብሰባ ጠሩን። የራሳቸው ሰው ሲነካ ነው የሰሙን፤ ይህንንም ቂሜ ላይ ደረብኩት።

ከስብሰባው በፊት ዱክቱራ ረቂቁን አንብባልኝ የምጨምረው እንዳለ ጠየቀችኝ።

«አለ» አልኳት። «ልጅ የሚመልስ ሰው ምክንያቱን ይጻፍ። ከሥሩም ስሙን ጽፎ ይፈርም።»

ጥሩ ሐሳብ ነው ብላ ወዲያው ጻፈችው። ለሕጉ የተጨነቅሁ መስሏታል። እኔ የታየኝ የዚያ ሰውዬ ስም ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር።

አዳራሹ ስንገባ ሰውየው ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። አድጎ የዊላያው የምዝገባ ኃላፊ ሆኗል። አየኝና ሰላም አለኝ፤ አላወቀኝም። ደሜ ፈላ። ልነሳ ስል ዱክቱራ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እሱን ከነካሽው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይቆምለታል፤ አንቀጻችንም ይወድቃል» አለችኝ በጆሮዬ። «ዛሬ አንዱን ምረጪ።»

ዋጥ አደረግሁት። ያቺን የፊርማ ነገር የተቃወመው ደግሞ እሱ ራሱ ነበር። መዝጋቢዎች ፈርተው ሥራ ይበድላሉ አለ።

«እንዲፈሩ ነው የጻፍነው» አለች ዱክቱራ። ሰብሳቢው ሳቀ፤ አንቀጹም ከነፊርማው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በየጤና ጣቢያው መስኮት አንድ መዝገብ ተቀመጠ። ሐሙስ ሐሙስ ከዱክቱራ ጋር እየዞርን እንከፍተዋለን። ባዶ ነው። ስሙን ለመጻፍ የሚደፍር ስለጠፋ ልጁን ሁሉ ወደ ሐኪም ያስገቡታል። ዱክቱራ ባዶ ገጽ ባየች ቁጥር ፊቷ ይፈካል። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ እንገበገባለሁ። ሌላው ሁሉ ልጁን አሳክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ የእኔ በዳይ ወንበሩ ላይ እንደተመቸው ቀረ።

ወራት ታገስኩ። አንድ ሐሙስ ግን የዚያችን ጤና ጣቢያ መዝገብ አንስቼ ቀጥታ ቢሮው ሄድኩ። የመጀመሪያውን መስመር ራሴ ሞልቼዋለሁ። ዕድሜ ሦስት፤ የተመለሰችበት ምክንያት ካርድ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«አላስታውስም» አለ። «በቀን ስንት ሰው ነበር የሚመጣው።»

«ልጄ አትሰማም» አልኩት።

መስመሩን አነበበ። ከዚያ ስፈራው የኖርኩትን ጠየቀኝ። «ካርዱ ላይ ያንን ዓመት ያስጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

እፎይ ብሎ ወደ ኋላው ተደገፈ። ያን እፎይታ ይዞት እንዲቀር አልፈለግሁም። እስክሪብቶውን ከፊቱ አንስቼ፣ ልጅቷን ማን መለሳት በሚለው ቦታ መጀመሪያ የራሴን ስም ጻፍኩ። «ዓመቱን በአገሯ አቆጣጠር ተናግራ» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ። መዝገቡን ወደ እሱ ገፋሁት።

«የእኔ ይኸው። አሁን ያንተን።»

«ደንቡ ወደ ኋላ አይሠራም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ባለጉዳዮች በር ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ጸሐፊዋ ሁለቴ ገብታ ወጣች። የቀትር አዛን ተሰማ፤ አልተነሳሁም። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አንስቶ ፈረመ። ከእኔ ስም ሥር፣ በደንብ የሚነበብ አድርጎ ስሙን ጻፈ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ረከሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ውስጥ ገብቼ መዝገቡን እስክከፍተው ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ገጽ በገለጥኩ ቁጥር መጀመሪያ የማነበው የራሴን ስም ነው።