እናቴ የማትጠራው ስም

እናቴ በኦሮምኛ ስታወራ ውሃን «ውሃ» ነው የምትለው። አንድም ቀን «ቢሻን» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ከጊንጪ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ሁሉም ሰው ቢሻን ይላል፤ አባቴም፣ ጎረቤቶቻችንም፣ ምንጭ የሚወርዱት ሴቶችም። እሷ ብቻ በኦሮምኛዋ መሃል ይህችን የአማርኛ ቃል ታስገባለች። እኛ ልጆቿም ቃሉን ከአፏ ወሰድነው። ቤታችን የሚነገረው ከሌላው ቤት የተለየ መሆኑን እንኳ አናስተውልም ነበር።

ያስተዋለው መምህሬ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በኦሮምኛ ስለ ክረምት ድርሰት ጻፉ ተባልን። መምህሩ ወረቀቴ ላይ ሦስት ቦታ በቀይ አሰመረና አስነሳኝ።

«ቤታችሁ አዲስ አበባ ነው እንዴ?»

«አይደለም ቲቸር።»

«ታዲያ ቢሻን ምን በደለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ «ውሃው» ተብዬ ቀረሁ። «ውሃው፣ ጠማን!» ይሉኝ ነበር በእረፍት ሰዓት።

ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። ለበሬዎቹ ጭድ እየሰጠ ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወደ ቤቱ በር አየት አደረገና እናቴ አለመኖሯን ሲያረጋግጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአባቱን ስም ነገረኝ። አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው።

«በምን ይጀምራል?» አለኝ።

«በቢ።»

«ቢሻንስ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእናቴ ዘመን ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። የባሏንም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን እንደ ስሙ የሚጀምሩትንም ቃላት ከአፏ ታወጣቸዋለች። ገና ሙሽራ ሳለች አማቷ ደጅ ላይ ተቀምጦ እየሰማ፣ እናቴ ውሃ ልትል ፈልጋ ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ አቆመችው። ገበያ ላይ የለመደችው የአማርኛው ቃል ነበረላትና እሱን አስገባች። አማቷ ከሞተ በኋላም አልመለሰችውም።

«አንተ አዘሃት ነው?» አልኩት።

«እኔማ ምን አደረግሁ! እንዲያውም እኔን አንድ ቀን በስሜ ብትጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፣ ስሜን ከሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም።» ጭዱን ከእጁ አራገፈ። «ምናልባት ስቀበር ትጠራኝ ይሆናል።»

በዚያው ሳምንት የእናቴን ቃላት መጻፍ ጀመርኩ። በድሮ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ነበር። እንጀራ በእኛ ሰፈር ቢዴና ነው፤ እሷ ግን ወደ ወለጋ ያሉ ሰዎች እንደሚሉት ቡዴና ትላለች። ስለዚህ ገበያ ላይ የማያውቃት ሰው «ከወለጋ ነው የመጣሽው?» ይላታል፤ የተወለደችው ግን እንጭኒ አጠገብ ነው። ክረምት ወጥቶ ሜዳው የሚያብብበት ወቅት በኦሮምኛ ቢራ ይባላል፤ እሷ «የአበባው ወር» ትላለች። መግዛት በኦሮምኛ ቢቱ ነው፤ በዚያው ድምፅ ስለሚጀምር እናቴ ምንም ነገር ገዝታ አታውቅም፤ ሁሉንም «ከገበያ አመጣሁ» ነው የምትለው። አሥራ አራት ቃላት አገኘሁ። አሥራ አምስተኛ ይኖር እንደሆነ ብዬ ለብዙ ጊዜ አደመጥኳት፤ አልነበረም።

አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጬ አምቦ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። እዚያ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ለመድኩ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እንድተይብለት አመጣልኝ፤ ስለዚሁ ልማድ ነበር። «ለጉ» እንደሚባል ከዚያ አወቅሁ። በደቡብም የባሎቻቸውን ዘመዶች ስም የማይጠሩ ሴቶች እንዳሉ፣ ልጆች ከእናታቸው የሰሙትን ምትክ ቃል ሲወስዱ ከጊዜ በኋላ ዋናው ቃል ከሰፈሩ ሊጠፋ እንደሚችል ይላል። ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቋንቋ የሚለወጠው በመንግሥት፣ በትምህርት ቤት፣ በገበያ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ሙሽራ አማቷን አፍራ ልትለውጠው እንደምትችል አስቤ አላውቅም። መምህሬ በቀይ ያሰመረበት ቃል ወደ ቤታችን የገባው ከከተማ ሳይሆን ከአክብሮት ነበር። ይህንን ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ያን ጊዜ ከጊንጪ ተዛውሮ ሄዷል።

ታላቅ እህቴ ይህን ሁሉ አትከተልም። ጊንጪ ከተማ ውስጥ ነው ያገባችው፤ ባሏን ከግቢው በር ሆና በስሙ ትጠራዋለች። እናቴ ልትጠይቃት በሄደች ቁጥር ይሄ ያሳቅቃታል።

«ኧረ ቀስ በይ! ሰው እንደ ዶሮ ይጠራል እንዴ?»

«አዮ፣ ስም የወጣለት ሊጠራበት አይደለም?» ትላታለች እህቴ። እናታችንን አዮ ነው የምንላት።

«ሌላ ሰው ይጥራው። አንቺ ሚስቱ ነሽ።»

እህቴ ትስቃለች። እናቴም ትስቃለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ያኔ ነገሩ የሚያስቅ ነገር ነበር።

አባቴ የወደቀው ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ነው። አህያዋን እየነዳ እግሩ ከዳውና ጭቃው ላይ ተደፋ፤ ሲያነሱት የቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ አፉም ተጣሟል። ጤና ጣቢያ አድርሰውት፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ አምቦ ላኩት። አብራው የተሳፈረችው እናቴ ብቻ ናት። ቤታችን ያለው አንድ ስልክ በአባቴ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ኮቱ ጭቃ ስለነካው ጎረቤቶች አውልቀው ቤት አስቀመጡት። እህቴ ደወለችልኝ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር።

«አባዬን ወደ አንተ እያመጡት ነው። ሆስፒታል ሂድ። አዮ ብቻዋን ናት።»

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ሮጥኩ። ካርድ ክፍል ደርሼ የአባቴን ስም እስከ አያት ተናገርኩ። ፀሐፊዋ መዝገቡን ከላይ ወደ ታች አየች። ደግማ አየች።

«በዚህ ስም የገባ የለም።»

«ከጊንጪ ነው፤ በአምቡላንስ።»

«ከጊንጪ አንድ ገብቷል፣ ስሙ ግን ይሄ አይደለም። አንዳንዱን ከመንገድ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይልኩታል እኮ፤ እዚያ ጠይቅ።»

ያንን ሌላ ስም ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዝርዝር ነገር እወዳለሁ፤ አንዲት ነጥብ ብታመልጠኝ ገጹን እንደገና የምተይብ ሰው ነኝ። ያንን ግን አልጠየቅሁም።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ጥበቃው ካርድ ከሌለህ አትገባም አለኝ። ለመንኩት። ደግ ሰው ነበር፤ «ቆይ፣ ስሙን ልጥራልህ» አለና በሩን ከፍቶ የአባቴን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ጠብቀን አዳመጥን። መልስ የለም።

«ስሙ ተጠርቶ ካልመለሰ የለም ማለት ነው፣ ወንድሜ።»

አመንኩት። መናኸሪያ ሄጄ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ያዝኩ። ጊንጪን አለፍን፣ አዲስ ዓለምን አለፍን። አስኮ ወርጄ ሁለት ሆስፒታል ዞርኩ፤ በሁለቱም የአባቴን ስም እስከ አያት እየተናገርኩ ተሰለፍኩ። ከሁለተኛው ስወጣ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፤ ሥራዋን ትታ አምቦ መጥታለች። ማንንም በስም አልጠየቀችም፤ እናቴን ግቢው ሣር ላይ ተቀምጣ አይታ ነው ያገኘቻቸው።

«እዚሁ ናቸው እኮ! ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ናቸው! አንተ የት ነህ?»

ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እህቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ከታክሲው ሳልወርድ አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ካርድ ክፍል ላይ እናቴን የታካሚውን ስም ጠየቋት። መንደር ውስጥ እንዲህ ሲያጋጥማት ወደ ጎረቤት ዞር ብላ «ንገሪያቸው» ትላለች፣ ጎረቤትም ትናገርላታለች። እዚያ ግን የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ዝም አለች። ፀሐፊዋ ደገመችላት፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ።

«እማማ፣ ተራ ነው እኮ! ባልዎትን ረሱት እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

ስለዚህ ልትጠራው የምትችለውን ስም ሰጠች፤ የታላቅ ወንድሟን። ወንድሟ፣ አባቷ፣ አያቷ፤ ሦስቱም ሳይደናቀፍ ከአፏ ወጣ። አባቴ በአጎቴ ስም ተመዝግቦ ገባ። ካርድ ተጠይቆ ካርድ ተሰጠ፤ መድኃኒት ታዘዘለት፤ እሷ የታዘዘውን ለማምጣት ወደ ፋርማሲው ወረደች። ጥበቃው በሩን ከፍቶ የጠራው ያን ጊዜ ነው።

ከአባቴ አጠገብ ባለው አልጋ ሕመምተኛ የምታስታምም ሴት ነበረች። ለእናቴ የነገረቻት እሷ ናት። አንድ ሰው በሩ ላይ ስም ሲጠራ አባቴ ዓይኑን ገለጠ፤ የሚሠራውን ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ወደ ላይ አነሳ። ጥበቃው አላየውም። በሩ ሲዘጋም እጁን ወዲያው አላወረደም ነበር አለቻት።

ይህንን መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ከበሩ ወዲህ ነበርኩ።

አስከሬኑን ለመውሰድ ወረቀቱ መስተካከል ነበረበት፤ በወረቀቱ የሞተው አጎቴ ነው፤ አጎቴ ግን እንጭኒ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ሦስታችንም ካርድ ክፍል ገባን። ፀሐፊዋ የጠዋቷ ናት፤ ስታየኝ አንገቷን ደፋች።

«ትክክለኛ ስም?»

እናቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። «አንተ ንገራቸው» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስሙን ተናገርኩ። የአባቱን ስም አስከተልኩ። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም፤ ተናድጄ ነበር። እንድትሰማው ፈልጌ ነበር። ፀሐፊዋ ከጻፈች በኋላ «እማማ፣ ይሄ ነው? ትክክል ነው?» ብላ አነበበችላት። እናቴ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ ራሷን ነቀነቀች።

ሲቀበርም አልጠራችውም። ሌሎች ሴቶች ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ እሷ «የቤቴ ባለቤት» ትል ነበር። አባቴ የቀለደው ቀልድ ትዝ አለኝና ከሰዎቹ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ለአራት ወራት ከእናቴ ጋር በደንብ አልተነጋገርኩም። እሁድ ጊንጪ እሄዳለሁ፣ የሚሠራ ካለ እሠራለሁ፣ እመለሳለሁ። ደብተሩን አውጥቼ አሥራ አራቱን ቃላት ልቀዳቸው አሰብኩና ተውኩት። በልጅነቴ የሚያምሩ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ እሁድ ግን ጠየቅኳት። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር።

«አዮ፣ ጨንቆሽ ነው ወይስ ረስተሽው ነው?»

«የሱን ስም? እንዴት እረሳዋለሁ!» ባቄላውን አስቀመጠች። «ከቤታችን ከወጣን ጀምሮ በሆዴ ስጠራው ነበር። አምቡላንሱ ውስጥ ስጠራው ነበር። አፌ ነው እንቢ ያለው። ዕድሜዬን ሙሉ የዘጋሁትን አፍ በአንድ ቀን ክፈቺ ሲሉኝ እንዴት ይከፈት?» ባቄላውን መልሳ አነሳችና ጨመረች፦ «ብጠራው ኖሮ ታገኘው ነበር። ይሄን አውቀዋለሁ። እንደማላውቀው አትየኝ።»

ባቄላውን ሳብ አድርጌ አብሬያት መፈልፈል ጀመርኩ። ቅርፊቱ ሲጠራቀም «ውሃ አምጣልኝ» አለችኝ፣ በዚያችው ቃል። ሄጄ አመጣሁላት።

ወደ አምቦ ስመለስ በመንገድ ላይ የማስበው የራሴን ስም ነበር። የእኔ ስም ከራሴ ቀጥሎ የአባቴ፣ ከዚያ የአያቴ ነው። እኔም አንድ ቀን ብወድቅ ካርድ ክፍሉ ፊት የምትቆመው እሷ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ስሜን እስከ አያት በሁለቱም ቋንቋ በትልቁ ተየብኩ፤ ከሥሩ ስልኬንና የእህቴን ስልክ አስገባሁ። የታችኛው መስመር ትንሽ ወደ ግራ ስላጋደለ ሁለት ጊዜ አትሜ ጣልኩት፤ ሦስተኛውን ላሚኔት አደረግሁት።

እሁድ ሰጠኋት። ፊደል አታውቅም፤ ገልበጥ እያደረገች አየችው።

«ምንድን ነው?»

«ስሜ ነው። ከጠየቁሽ ይሄንን ስጫቸው። አንቺ ምንም አትናገሪም።»

«እስከ አያትህ?»

«እስከ አያቴ።»

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። የትኛው መስመር ላይ የማን ስም እንዳለ ጠየቀችኝና በጣቴ አሳየኋት፤ የአባቴ ላይ ስደርስ ጣቴን አስቆመችኝና መስመሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች፣ ካርዱን ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ቋጠረችው።