ከስልኩ አጠገብ ያለው ጡሩምባ

ከዊልፍ ሄዘሪንግተን ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተን ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረናል። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከራሴ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው፤ እሱም ከራሱ ሳሎን «ያኑርሽ ኖርማ» ይለኛል። እንግዲህ ስለ ዊልፍ የማወራው ወይ ያየሁትን ነው፣ ወይ ግድግዳው ያቀበለኝን።

በአሥራ አምስት ዓመቱ የከሰል ጉድጓድ ገባ። ጉድጓዱ ሲዘጋ ሠላሳ ስድስት ሞልቶት ነበር፤ ከዚያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤቱን የማሞቂያ ቦይለርና መስኮት ሲጠግን ኖረ። ሁለቱንም ሥራ አልወደደም፣ ሁለቱንም አላማረረም። የወደደው ጡሩምባውን ነው። በሰፈራችን የማርሽ ባንድ ውስጥ ስልሳ ስድስት ዓመት ነፍቷል። በሐምሌ የማዕድን ሠራተኞች ቀን ባንዱ ባንዲራውን ተከትሎ ዱርሃም ከተማ ሲገባ፣ ከፊተኛው መስመር በስተቀኝ ጥግ የሚታየው እሱ ነው። በዚህ ሰፈር የጉድጓድ ሰው ሲቀበርም መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ የሚነፋው እሱ ነው። ባሌን ስቀብር የነፋው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ይሄ የተከበረ ሰው ታዲያ አንድ ልክፍት ነበረበት። ጡሩምባውን ከቤት ስልኩ አጠገብ ያስቀምጣል። መቼም አጭበርባሪ የማይደውልለት ሽማግሌ የለም። «ከባንክዎ ነው የምንደውለው» ይላሉ፤ «ኮምፒውተርዎ ተበላሽቷል» ይላሉ። ዊልፍ ኮምፒውተር የለውም። ስለዚህ የስልኩ መስኮት ላይ «ቁጥሩ የማይታወቅ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ፣ መነጋገሪያውን ያነሳና ጡሩምባውን አፉ ላይ ደግኖ ሁለት ድምፅ ይለቅበታል። ከዚያ መነጋገሪያውን ዱብ ያደርገዋል። እኔ ቤት ያለው የሻይ ስኒ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ስቋል፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ፊሽካ ገዝተው ሊኮርጁት ሞክረዋል።

ጥር ላይ ሳል ያዘው። ደረቅ፣ የማያቋርጥ ሳል፤ በግድግዳው በኩል እየቆጠርኩ አድር ጀመር። ሐኪሙ ራጅ አስነሳው፤ ራጁ ላይ ግራ ሳንባው ውስጥ አንድ ነጥብ ታየ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሆስፒታል ሄዶ ስካን ተነሳ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ እናሳውቅዎታለን» አሉት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሦስት አለፈ። ወደ ባንዱ መለማመጃ መሄድ አቆመ። ወንበሩን ማንም አልነካበትም፤ ግን ወንበር ባዶ ሲሆን የበለጠ ይታያል።

«ደውልላቸው እንጂ!» አልኩት አንድ ቀን፣ በጓሮው አጥር በኩል።

«ሰዎቹ ሥራ አላቸው፣ ኖርማ።»

«ሥራቸው አንተ ነህ!»

«ከኔ የባሰ ስንት በሽተኛ አለ። ሲደርሱብኝ ይደርሱብኛል። ደግሞ ዝም ካሉ ደህና ነው ማለት ነው፤ ክፉ ነገር ቢሆን እስካሁን ይጣደፉ ነበር።»

ይሄ የሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። የኛ አገር ሰው እጁ ተቆርጦ ሆስፒታል ቢገባ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ወለሉን በደም ስላበላሸ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ሰው ማስቸገር ከካንሰር የባሰ ነውር ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሳድል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የሆስፒታል ፖስታ ከሩቅ አውቃለሁ። ለዚህ ፖስታ ብዬ በየጠዋቱ መስኮቴ ላይ ተገትሬ ያንን ሰነፍ አዲስ ፖስተኛ ስጠብቅ ከረምኩ። ምንም አልመጣም።

ሚስቱ ብረንዳ ደግሞ ጭንቋን በጽዳት የምትወጣ ሴት ናት። መጋረጃ አጠበች። ምድጃውን ነቅላ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ፈተገች። ከዚያ የኔን መስኮት ላጽዳልሽ ብላ መጣችና፣ ጨርቁን እንደያዘች ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ አለች።

«የዊልፍ ታናሽ ወንድም በስድስት ሳምንት ነው የሄደው» አለች። «ሰኞ ውጤቱን ሰማ፣ በስድስተኛው ሳምንት ቀበርነው። ዊልፍ ስሙን እንኳ አያነሳም። እኔም አልጠይቀውም። ብጠይቀው መልስ ይሰጠኛል ብዬ እፈራለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ሻይ አፈላሁላት፤ ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለኝም።

በነዚያ ሳምንታት አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። ስልኩ ላይ የሚነፋው ረዘመ። ድሮ ሁለት አጭር ድምፅ ነበር። አሁን ስልኩ ጮኾ ይነሳል፤ ትንሽ ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ አንዲት ድምፅ ብቻ፣ ረጅም፣ እንደ ቀብሩ ዕለት የምትዘረጋ፣ ትንፋሹ ሙጥጥ እስኪል። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ሳንባው የታመመ ሰው እንዲህ አይነፋም አልኩ። ሰውየው ለሐምሌ እየተለማመደ ነው ብዬ ለብረንዳ ሁሉ ነገርኳት።

ግንቦት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በፎጣ ጠቅልዬ ይዤላቸው ገብቼ ነበር። ብረንዳ ኩሽና ሊጥ ታቦካለች፤ ዊልፍ ሳሎን ያላነበበውን ጋዜጣ ዘርግቷል። ስልኩ ጮኸ። አንገቱን አስግጎ የስልኩን መስኮት አየ፤ ቁጥሩ የማይታወቅ ነው። መነጋገሪያውን በግራ አነሳ፣ ጡሩምባውን በቀኝ። አፉ ጋ ከማድረሱ በፊት ግን ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች፤

«አቶ ሄዘሪንግተን፣ እባክዎ አይንፉት! አይንፉት! ከሆስፒታል ነው!»

ጡሩምባው አየር ላይ ቀረ። ብረንዳ ሊጥ በሊጥ በሆነ እጇ ሮጣ መጥታ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ተጫነችው።

«ማን ልበል?» አለች።

«ቢንዱ እባላለሁ፤ የሳንባ ክፍል ነርስ ነኝ። ተመስገን፣ ዛሬ ሰው አገኘሁ! በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ደወልኩ እኮ። አራት ጊዜም ተነፋብኝ። ዛሬም ብትነፉብኝ ደብዳቤ ልጽፍ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ አፌን ያዝኩ። ሆስፒታሉን! አራት ጊዜ!

«በስመአብ፣ ይቅርታ የኔ እህት!» አለች ብረንዳ። «አጭበርባሪ መስሎት ነው እኮ። መጀመሪያ ከየት እንደሆነ ብትነግሪው ኖሮ...»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች ቢንዱ። «ሁልጊዜም መጀመሪያ የምለው ከሆስፒታል መደወሌን ነው። ከዚያ ነው የሚነፉት።»

ሳቄ ጠፋ። ብረንዳ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ዊልፍ ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወለሉን ያያል። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ትልቅ ሰው፣ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«ሰምተህ ነበር?» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«አራቱንም?»

«የመጀመሪያውን አልሰማሁም። ሦስቱን ሰምቻለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንድሜን ውጤት የሰማነው በዚሁ ስልክ ነው፣ ብረንዳ። ያኔም እኔ ነኝ ያነሳሁት። እኔ ካልሰማሁት ገና አልሆነም አልኩ። ሐምሌን አንድ ጊዜ ልሰለፍና ከዚያ እሰማዋለሁ ብዬ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሱ የፈራው እንዳይደርስ በጡሩምባ ሲከላከል ከርሟል፤ እኛ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈን ስንስቅ። በራሴ አፈርኩ። ያ ረጅም ድምፅ ልምምድ ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ? የቀብሩን ዜማ እኮ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

«አቶ ሄዘሪንግተን፣ አጠገብዎ ሰው አለ?» አለች ቢንዱ።

ይቺን ጥያቄ ሁላችንም እናውቃታለን። ሐኪም «አጠገብዎ ሰው አለ?» ሲል ቀጥሎ የሚመጣው መልካም አይደለም። ብረንዳ ሊጥ የለበሰ እጇን ዊልፍ ትከሻ ላይ አደረገች፤ ሸሚዙ ተበላሸ፣ ማንንም ግድ አላለውም።

«አለ» አለ ዊልፍ። «ሚስቴ አለች። ጎረቤቴም አለች፤ እሷማ ባትኖርም በግድግዳው ትሰማለች። ንገሪኝ የኔ ልጅ፤ አልነፋም።»

«ሰው አለ ወይ ያልኩት የምነግርዎትን እንዲጽፍልዎት ነው፤ ብዙ ሰው ሲደነግጥ ይረሳዋል። ሳንባዎ ላይ የታየው ነጥብ የድሮ ጠባሳ ነው። ካንሰር አይደለም።»

ብረንዳ የዊልፍን ትከሻ ጨመቅ አደረገችው።

«ሰሙኝ?»

«ድገሚልኝ» አለ ዊልፍ።

«ካንሰር አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተነሱትን ራጅ ከመዝገብ ፈልገን ጎን ለጎን አየነው። ያኔም እዚያው ነበር፤ አንዲት ሚሊሜትር አላደገም። ከከሰሉ ጊዜ የቀረ ነው። ለጥንቃቄ በዓመቱ አንድ ጊዜ እንደገና እናየዋለን። ሳሉን ያመጣብዎት የደም ግፊት ክኒኑ ይመስላል፤ ለሐኪምዎ ጽፈናል፣ ይቀይርልዎታል። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት? ባለፈው ዓርብ ለዶክተሩ፣ ‹ይሄን ሰውዬ ሳንባው ምንም አላለውም፤ እስከ ምሳ ድረስ ጆሮዬ ሲጮህ ነበር› ብየዋለሁ።»

ብረንዳ መጀመሪያ የዊልፍን ራስ ሳመችው። ከዚያ የሳንድዊቹን ፎጣ አንስታ ትመታው ጀመር። «ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ሙሉ ምድጃ ስፈትግ! ግድግዳው ቀለሙ እስኪለቅ! አንተ ክፉ ሽማግሌ! እኔን ማን ይንፋልኝ?» እያለች መታችው፤ እየመታችው አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። እኔም አለቀስኩ። ሳንድዊቹ ወለል ላይ ወደቀ።

ዊልፍ በፎጣው ሲመታ አልተከላከለም። «ልክ ነሽ» ብቻ ይላል። «ልክ ነሽ። ልክ ነሽ።»

ሲደክማት ጡሩምባውን ከጉልበቱ ላይ አንስታ አቀበለችው። «አሁን ንፋው» አለችው። «ስታሸብራት ለከረምካት ልጅ በወጉ ንፋላት። ሐምሌ የምትነፋውን።»

ጡሩምባውን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጉንጩን ወጠረ። የሚወጣው ግን ፍስስ የሚል አየር ብቻ ሆነ። እንደገና ሞከረ፤ የበር ማጠፊያ ሲንጫጫ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ጡሩምባ የጸና ከንፈር ይፈልጋል፤ የዊልፍ ከንፈር ደግሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመት ስንቱን ቀብር ሳይንቀጠቀጥ የነፋ ሰው፣ እንባው በነሐሱ ላይ ይወርዳል።

«ምነው?» አለች ቢንዱ። «አሁን ገና ሳንባዎ አሳሰበኝ።»

«ሁለት ደቂቃ ስጪኝ የኔ ልጅ» አለ ዊልፍ። «ሥራ እንዳለሽ አውቃለሁ። ላስቸግርሽ። ሁለት ደቂቃ ብቻ።»

በሕይወቱ ሰው ሲያስቸግር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ግዴለም» አለች። «እጠብቅዎታለሁ።»

ሁለት ደቂቃ ሳይሆን አራት ፈጀበት። እሷም ጠበቀችው።