መውጫ የሚለው ቃል

ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች ከእኔ ይልቅ ላፕቶፔን የፈለጉ ይመስሉ ነበር። አንደኛው እንደ ሕፃን አቅፎት መኪናው ውስጥ ፊት ተቀመጠ። እኔን ከኋላ ሁለት ሰው መሐል አጣበቁኝ። ሚዛን ከተማ ላይ ዝናቡ አላባራም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር፤ የጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ወለሉ ወደ በሩ ያዘነብላል። የሙያ ነገር ሆኖብኝ መጀመሪያ ያየሁት ተዳፋቱን ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥግ ላይ ሽማግሌውን አየሁና ክው አልኩ። ያን ሰሞን ጋራውን እየዞሩ ጅረቶቹን ያሳዩኝ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ላይ የተከልኩትን የዝናብ መለኪያም ሰዎቹ ነቅለው ከእሳቸው ጋር አምጥተውታል።

"መምህር፣ አንተም መጣህ?" አሉኝ።

"ይቅርታ አባባ፣ በእኔ ጦስ ነው።"

"ዝናብ መለካት ምን ወንጀል አለው? ተቀመጥ፣ እዚህ ጋ አያፈስም።"

ከማስተማሩ ሌላ ሥራዬ ተራ ነገር ነው። ከሚዘንበው ስንቱ እንደሚሰርግ፣ ስንቱ እንደሚሮጥ፣ ሲሮጥም ከየጋራው ስንት አፈር ይዞ እንደሚወርድ በኮምፒውተር ሞዴል እገምታለሁ። ሞዴሉ እንዲሠራ ጅረቶቹ ሁሉ ተሰብስበው የሚያልፉበትን አንድ ነጥብ ካርታው ላይ ማመልከት ግድ ነው። የእኛው ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ጋ ነበር። እኛ ነጥቡን "መውጫ" እንለዋለን።

ጠዋት የጠየቀኝ ሰው ጨዋ ነበር። ሻይ አስመጣልኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ካርታዬን ዘርግቶ ጣቱን ድልድዩ ላይ አሳረፈ።

"እዚህ 'መውጫ' ብለህ ጽፈሃል። ማነው የሚወጣው?"

"ውሃ ነው።"

"ውሃ ደግሞ መውጫ ይጻፍለታል? ሽማግሌው ለምን መንገድ መሩህ?"

"ጅረቶቹን ስለሚያውቁ።"

"ቀይ የተቀባውስ?"

"አፈር በብዛት የሚታጠብበት ነው።"

ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ አንዲት ቃል ማስረዳት አቃተኝ።

ተጽፎ ያለቀ የእምነት ቃል ወረቀት ሰጠኝ። "መውጫ ያልኩት ለታጠቁ ሰዎች ማለፊያ ነው። መንገዱን ያሳዩኝ ሽማግሌው ናቸው" ይላል።

"ከፈረምክ ዛሬውኑ ቤትህ ነህ። እስከ ከሰዓት አስብበት" አለኝ።

ልዋሽ አልችልም፣ መፈረም አምሮኝ ነበር። ደክሞኛል፤ ልብሴ ከገባሁ ጀምሮ አልደረቀም። ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ስለ ምርመራው አልጠየቁኝም።

"የእኔ ማሳ ካርታህ ላይ ምን ቀለም ነው?"

"አረንጓዴ። አፈርዎ አይሄድም።"

"ዛፍ አልቆረጥኩማ!" አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ቆርቆሮውን ለአፍታ አዳመጡ። "አሁን ግን የማሳዬን ቦይ የሚጠርግ ሰው የለም" አሉ።

ስለ ወረቀቱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ከሰዓት እስክሪብቶ ተቀበልኩ። "ለታጠቁ ሰዎች" የሚለውን ሰርዤ "ለውሃ" ብዬ ጻፍኩ። መንገዱን ያሳዩኝ ሽማግሌው ናቸው የሚለውን አልነካሁትም፤ እውነት ነዋ። ከሥሩ ፈረምኩና መለስኩለት። ሰውዬው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ያልጨረስኩትን ሻይ አንስቶ ወጣ።

ክረምቱን እዚያው ከረምን፤ የተለቀቅነው ሁለታችንም በአንድ ቀን ነው። ቤታቸው ሳደርሳቸው ቦዮቹ ተደፍነዋል፤ ጎርፉ የቡናውን እግር ጠርጎ ሥሩን አውጥቶታል። ዶማቸውን ፈልገው ቦዩን ከላይኛው ጫፍ መቆፈር ጀመሩ፤ እኔም ጭቃውን በእጄ እዝቅ ጀመር።

ዛሬም ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ባልደረቦቼ "ምን አስጨነቀህ፣ መውጫውን 'መድረሻ' በለው" ይሉኛል። አልለወጥኩትም፤ ግን ቃሉን በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ለሽማግሌው ስለ ወረቀቱ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ባለፈው አዲሱን ካርታ ይዤላቸው ሄድኩ።

"የእኔስ አሁን ምን ቀለም ነው?" አሉኝ።

"ቀይ ነው አባባ" አልኳቸው።

ወደ ማሳቸው ዞረው ቆዩ።

"ልክ ነው" አሉ። "እንዳትቀይረው።"