እየተንጎራደዱ የሚያነቡት ፈተና

የሁለተኛ ክፍሏ አስተማሪ ያን ቀን ጥርሷን ነክሳ ነው የዋለችው። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ አምስት ተጣብበውበት፣ አንዱ ሲያነጥስ የሌላው እርሳስ ይወድቃል። ከፊት የተቀመጠችው ልጆቹ «ዓይናማ» የሚሏት ናት። ጆሮዋ አይሰማም፤ የሰው ከንፈር ላይ ዓይኗን ተክላ ነው ትምህርቱን የምትለቅመው። ለእሷ ሲባል አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ማውራትን እርግፍ አድርጋ ትታለች። መጀመሪያ ትጽፋለች፣ ከዚያ ዞራ ትናገራለች። ጽፋ እስክትዞር ክፍሉ ገበያ ይሆናል! ረዳት የሰጣት የለም። «ሁሉንም አካታችሁ አስተምሩ» ማለት ለአፍ ይቀላል።

የዛሬው ፈተና የቃል ጽሕፈት ነው። ዓይናማ ከወደቀች ከክፍሉ ትወጣለች ተብሏል፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አልተባለም። ፈታኙ ርዕሰ መምህሩ ናቸው፤ ልጆቹ እንዳይኮራረጁ በዴስኮቹ መሃል እየተንጎራደዱ ያነባሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እዚሁ ፊቷ ቆመው ያንብቡላት» አለች አስተማሪዋ።

«እንዴ! ለአንዷ ብዬ የኋለኞቹ እንዳሻቸው ይኮራረጁ?»

«ኋላውን እኔ እጠብቃለሁ።»

«አንቺማ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታሳልፊያቸዋለሽ። በይ በሩ ጋ ቁሚ።»

የመጀመሪያዎቹን ቃላት ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ከሰሌዳው ስር ቆመው አነበቡ። ዓይናማ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ከተበች። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጉዞ ጀመሩ። ልጅቷም አንገቷን እንደ ሱፍ አበባ አዙራ ተከተለቻቸው።

«ፊትሽን ወደ ወረቀትሽ!» አሉ ከበስተኋላዋ።

ማን ሊሰማቸው? አጠገቧ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሰም አድርጎ ወረቀቷን አሳያት። አቀረቀረች።

ወረቀቱ ሲሰበሰብ የዓይናማ ከመጀመሪያዎቹ ቃላት ወዲያ ባዶ ነበር።

«አየሽ፣ ጀምራ ሰለቻት። ይሄ ክፍል አይሆናትም።»

«የጻፈችው እኮ ፊቷ ቆመው ያነበቡትን ነው፣ ጋሼ! እስቲ ቀሪውንም እንደዚያው ይበሉላት።»

«ሌላ ክፍል እየጠበቀኝ ነው» ብለው ወረቀቱን ታቅፈው ውልቅ።

አስተማሪዋ ዓይናማ ፊት በርከክ አለችና ቀሪዎቹን ቃላት አንድ በአንድ አለችላት። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ አንዲት ፊደል አልሳተችም። አስተማሪዋ ደብተሩን አፈፍ አድርጋ በኮሪደሩ ሮጣ ደረሰችባቸው።

«ከሰዓቱ ውጪ የተጻፈ አይታረምም» አሉና ሌላው ክፍል ገብተው በሩን ዘጉባት።

አንኳኳች። አልከፈቱም። አሁን በቡጢዋ አንኳኳች።