ቆሮሶው የጠፋበት ዓመት

ዛሬ ጠዋት የማጥመጃዬ ዘንግ እንደ ቀስት ሲጎብጥ ጮህኩ። አባቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው "ቀስ እያልክ ሳበው!" አሉኝ።

በየዓርቡ ከምንኖርበት የእስራኤል ከተማ ከኔታንያ ወጣ ብለን ወንዝ ዳር እንቀመጣለን። ለሻባት፣ ለሰንበት ማዕድ፣ ዓሣ ማምጣት ጣና ዳር ያደጉት የአባቴ ሥራ ነው።

ዘንድሮ ግን ስድስት ዓርብ ሙሉ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ውሃው አንሷል። እሳቸው ቆሮሶ የሚሉት፣ እዚህ አምኑን የሚባለው ዓሣ የት እንደገባ እንጃ። (ጎረቤታችን ዓሣ የሚፈልግ መሣሪያ ገዝቷል። እስካሁን ያገኘለት አንድ አሮጌ ጎማ ነው።)

ጎትቼ አወጣሁት። አምባዛ! ያውም ክንዴን የሚያክል።

እኛ አይሁዶች እንደሱ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም። አባቴ ወደ እስራኤል ሲመጡ በቆዩበት የሱዳን መጠለያ ውስጥ ርሃብ ሲጠናባቸው እንኳ አልቀመሱትም።

መንጠቆውን በቀስታ አውጥተው ወደ ውሃው መለሱት። ከዚያ ወንበራቸውን አጣጠፉ።

"አባ፣ የሚመጣው ዓርብ ይሻላል፣ እሺ፣ ቤሴዴር?"

"አንተ ና። እኔ በቃኝ።"

ስንመለስ ሱፐርማርኬት ገባን። አባቴ በረዶ የሆነ የዓሣ ፊሌ አነሱ። ራስ የለው፣ ቆዳ የለው። አገላብጠው አገላብጠው አዩትና "ይሄስ ቅርፊት ነበረው?" አሉኝ።

በሕጋችን የተፈቀደ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የካሽሩት ማኅተም አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ማኅተሙን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት።

አባታችሁ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሥራ ሲተዉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምን አላችኋቸው? እኔ "አዎ፣ ነበረው" ብቻ አልኩ።