የጨው ነጋዴው ጥማት

ሸዋ ሮቢት ላይ የማሾ ለቀማ ሲደርስ ሴቶቹ ሁሉ እትዬ ሰይዳ ካሉበት ማሳ ለመመደብ ይሻሙ ነበር። እጃቸው ስለሚፈጥን አይደለም፤ እንዲያውም ቀርፋፋ ናቸው። ግን ከአሊዩ አምባ ጨው ያመላልሱ ከነበሩት አባታቸው የሰሙትን አንድ አስፈሪ ተረት እንደሳቸው የሚያወራ አልነበረም፤ ይህንንም ራሳቸው አሳምረው ያውቁታል።

በተረቱ አንድ ጨው ነጋዴ የመንገድ ባልደረባውን ገድሎ፣ ሬሳው ሳይታጠብ ሳይሰገድበት አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ ወዲያ ገዳዩ የጎረሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ጨው ይሆናል። ውሃ ሲያነሳ ሟቹ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ «ጠጣ፣ ወንድሜ» ይለዋል። በመጨረሻም የሮቢን ወንዝ እየጠጣ በውሃ ጥም ይሞታል።

በቀይ ሽብር ማግስት አንድ ካድሬ ወሬው ደርሶት ማሳው ድረስ መጣ።

«እትዬ ሰይዳ፣ ሙት ተነስቶ ተበቀለ ማለት ኋላቀርነት ነው። ገዳዩን ፍርድ ሸንጎ ይቅጣው። መጨረሻውን ይቀይሩት» አላቸው።

ሴቶቹ አቀረቀሩ። ከመሃላቸው ልጇ በሽብሩ ተገድሎ እንዳታለቅስ የተከለከለችው ሩቂያ ነበረች፤ ተረቱን በየቀኑ የምታስደግመው እሷ ናት።

እትዬ ሰይዳ ከማሾው ቀና አሉ። «እኔስ እቀይረዋለሁ፣ ጓድ። ሟቹን ግን አንተ አስፈቅድልኝ።»

ካድሬው ሊስቅ ሞከረ፤ አብሮት የሳቀ የለም። ፀሐዩ ከርሮ ነበርና ውሃ ጠየቀ። ሩቂያ ቅሉን ሞልታ አቀበለችው።

«ጠጣ፣ ወንድሜ» አለችው።

ቅሉን አፉ ሳያደርስ መሬት አስቀምጦ ሄደ።

እትዬ ሰይዳ በዕድሜያቸው ብዙ ሰው አስፈርተዋል። እስከ መጨረሻው ሲኮሩ የኖሩት ግን በዚህኛው ነው፤ ጥማቱን እንደያዘ ሄዷልና።